ከዱስ እስከ ሐይቁ፦ የኢትዮጵያና የኬንያ ስምምነቶች የዘለሉት አንቀጽ

ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር የተቀመጠች የካራ መንደር ናት። ካራ በደቡብ ኦሞ ካሉት ሕዝቦች በቁጥር እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ ዱስ፣ ላቡክና ኮርቾ ዋና ዋና መንደሮቹ ናቸው። ኑሮውን ለዘመናት ያቆመው የወንዙ ሙላት ነበር። ኦሞ ከደጋው የወረደውን የክረምት ውኃ ተሸክሞ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ፣ ውኃው ሲሸሽም ደለሉን ትቶ ይሄድ ነበር፤ ካራም በዚያ ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ማሽላው የካራ ብቻ ሲሳይ አልነበረም። ዝናብ በጠፋ ዓመት የሐመር ሰው ፍየሉንና ማሩን ይዞ ከኮረብታው ይወርድ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የኛንጋቶም ከብት አርቢም እህል ይፈልግ ነበር፤ ከሰሜን በኩል ደግሞ የዲሜ ብረት አቅላጮች የሠሩት ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ብዛቱ ትንሽ፣ ጎረቤቶቹ ብዙና ብርቱ የሆነ ሕዝብ በዚህ ሁሉ መካከል ሳይዋጥ የቆየው በጦሩ ብቻ አይደለም። ሁሉም የሚፈልገው ነገር በእጁ ስለነበረም ነው።

በዚህ አገር ንግድ ሰላም እስኪወርድ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። ሐመሮች ቤል የሚሉት የጓደኝነት ቃል ኪዳን አለ፤ አንዱ ከሌላው ወገን ካለ ሰው ጋር በስጦታና በልውውጥ ይተሳሰራል፤ እንግዳው ሲመጣ ያስተናግደዋል፤ ከጥቃትም ይጠብቀዋል። ወገንና ወገን በከብትና በግጦሽ ሲጋጩ እንኳ እንዲህ ያለው ትስስር ፈጽሞ አይበጠስም፤ የዕርቅ መልእክት የሚያልፈውም ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ሰዎች በኩል ነው። ይህን ከመነሻው የማነሳው ለጌጥ አይደለም። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ሙሉ የሁለትዮሽ ነፃ የንግድ ስምምነት ሊኖር ይገባል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በቀረጥና በገበያ ስፋት ሒሳብ ብቻ ይቀርባል። እኔ ግን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የውጭ ፖሊሲ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀሙት የሁለቱ ወገኖች ውሎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ውሎቹ ድንበር አሰመሩ፤ ግጦሽ ፈቀዱ፤ የጦር ቃል ኪዳን አሰሩ። የድንበሩ ሰው በሕግ ጥላ ሥር የሚነግድበትን አንቀጽ ግን ደጋግመው ዘለሉት።

ታሪኩ የሚጀምረው ሐይቁ በአውሮፓ ካርታ ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ነው። በ1880 ዓ.ም. የሃንጋሪው መስፍን ቴሌኪና ጓደኛው ፎን ሆኔል ከደቡብ ተነስተው ዛሬ ቱርካና ከምንለው ሐይቅ ደረሱ፤ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስምም ሩዶልፍ አሉት። ከዚያ ወዲህ ወደ ታችኛው ኦሞ የመጡት አሳሾች፣ የዝሆን አዳኞችና የጠመንጃ ነጋዴዎች በረከቱ። አጼ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን አስታውቀው ነበርና፣ በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከከፋ ተነስቶ እስከ ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ወረደ፤ አብሮት የዘመተው የሩሲያ መኮንን ቡላቶቪችም የዘመቻውን ታሪክ ጽፎ ተወ። የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር የገቡት በዚህ ዘመን ነው። አገባቡ በፈቃድ አልነበረም፤ የዝሆን ጥርስ፣ ከብትና ሰውም ጭምር ወደ ደጋ ተነድቷል። የድንበር ንግድ በዚህ አገር ከመነሻው የክፉ ትዝታ ሸክም አለበት። ለዚህም ነው የነፃ ንግድ ክርክር በዱስ ወይም በድንበሩ ከተማ በኦሞራቴ ሲነሳ ማን ይነግዳል፣ ማንስ ይነገድበታል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ መመለስ ያለበት።

አዲስ አበባ ያን ጊዜ የንግድ ውልን በውጭ ፖሊሲ መሣሪያነት ማወቅ ጀምራለች። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1889 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር ተዋዋሉ። ውሉ የሁለቱን ወገን ሰዎች ወደ ሌላው አገር ገብቶ የመነገድ ነፃነት ሰጠ፤ የዘይላና የሐረር የነጋዴ መንገድ ክፍት እንዲሆን አደረገ፤ ለኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ብቻ የሚመጣ ዕቃም በዘይላ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ፈቀደ። ወደብ ለሌለው መንግሥት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ንጉሡ የጦር ድላቸውን ወደ መተላለፊያ መብት ለወጡት። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ወር ተኩል ጊዜ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ውሎች ተፈረሙ። የመጀመሪያው በኅዳር ወር ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ኬንያ፣ የድንበር ስምምነት ነው። በዚህ ውል ውስጥ በጣም የሚደንቅ አንቀጽ አለ፤ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ግጦሽ የመጠቀም መብት አላቸው፤ ሲሻገሩ ግን ለደረሱበት አገር ሹም ይታዘዛሉ፤ የውኃ ጉድጓዶቹም ለሁሉም ክፍት ናቸው ይላል። ሁለት መንግሥታት ከብት ድንበር እንደማያውቅ በጽሑፍ አመኑ። ከብቱ የሚሸጥበትን ገበያ ግን አላነሱም። የሳር መብት ያለው አርብቶ አደር ያንኑ በሬ ማዶ ወስዶ ሲሸጥ ግን ሕግ የማያውቀው ነጋዴ ሆነ።

ሁለተኛው የ1900 ዓ.ም. ውል በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተደራዳሪው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል እየተባለ የሚጠራው ነው። የነፃ ንግድ ተቃዋሚዎች ማስረጃ አምጡ ቢባሉ ከዚህ የበለጠ አያገኙም። ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከመቶ አሥር፣ በአንዳንዱም ላይ ከመቶ ስምንት ብቻ ቀረጥ ልታስከፍል ተስማማች፤ የውጭ ዜጎችም በራሳቸው ቆንስል ፊት የመዳኘት መብት አገኙ። ሌሎች ኃያላንም ይህንኑ መብት ለራሳቸው ጠየቁ፤ የቀረጡ ጣሪያም ለዘመናት የመንግሥቱን እጅ አሰረ። በድሬዳዋ ጉምሩክ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ ትርፉ ወደ ባለ ዕውቀቱ እንደሚያደላ አስረድተዋል። ይህ አስተያየት ዛሬም ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ክርክር አቅማቸው ሰማይና ምድር በሆነ ሁለት ወገኖች መካከል ስላለ ልውውጥ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ እንዲህ አይደሉም። በሕዝብ ብዛት ኢትዮጵያ ትበልጣለች፤ በኃይል ምንጭም ሻጭ ናት፤ ኬንያ በፋብሪካ፣ በባንክና በወደብ ትቀድማለች። የ1900ው ውል ትምህርትም ንግድን መፍራት አይደለም፤ ማሻሻያ ቀን የሌለው፣ ለአንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ውል አለመፈረም ነው።

ተቃዋሚዎች የሚጠሩት ሌላ ምስክርም አለ። በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነትና የግልግል ውል ፈረመች፤ ከውሉም ጋር በአሰብ ነፃ የወደብ ሥፍራና ከአሰብ እስከ ደሴ የሚዘረጋ መንገድ የሚመለከት ስምምነት ተያይዞ ነበር። ውሉ ዕድሜውን ሳይፈጽም በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረን። እንግዲያው የንግድ ውል ጦርነትን አያስቀርም የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። ሊወጋህ የወሰነን ጎረቤት ቀረጥ በማንሳት ልቡን አትመልሰውም። የንግድ ስምምነት ዋጋ የሚኖረው በመሠረቱ ጠብ በማይፈልጉ መንግሥታት መካከል ነው፤ እዚያም ቢሆን ሥራው ሰላምን መፍጠር ሳይሆን ያለውን ሰላም በየቀኑ የሚጠብቅለት ባለጉዳይ ማብዛት ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ፈረንሳይ የኮብደንና የሼቫሊየን የንግድ ውል ሲፈርሙ እንግሊዝ የፈረንሳይን ወረራ ፈርታ ምሽግ ልትገነባ የምትመክርበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ ለዘመናት እርስ በርስ ጦር አልተማዘዙም። ውሉ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ የመንግሥታቱ ፍላጎት ስለነበረበት ሥራውን ሠራ እንጂ።

በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ያለው ፍላጎት ደግሞ በሰነድ የተመሰከረ ነው። እንግሊዞች ሰሜናዊ ኬንያን ዝግ አውራጃ አድርገው በልዩ ሕግ ሲያስተዳድሩ ስለኖሩ በሐይቁ ዙሪያ ሕጋዊ ንግድ ሊያድግ አልቻለም። ኬንያ በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ግን የመጀመሪያ ጭንቀቷ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም አገሮች ከሞቃዲሾ የታላቋ ሶማሊያ ጥያቄ ቀርቦባቸው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ የጋራ መከላከያ ቃል ኪዳን አሰሩ፤ በሰኔ 1962 ዓ.ም. ሞምባሳ ላይ የድንበር ውል ተፈረመ። ዘውዱ ወርዶ ደርግ ሲመጣ፣ ርዕዮተ ዓለሙ ከናይሮቢ ጋር ፍጹም የማይገጥም ሆኖ ሳለ፣ ኬንያ በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች፤ በጥር 1971 ዓ.ም.ም የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈረመ። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ በሦስት መንግሥታት ዘመን ሳይናጋ የዘለቀ የጎረቤት ወዳጅነት ሌላ አላውቅም። ነገር ግን ወዳጅነቱ የቤተ መንግሥትና የጦር ሠፈር ወዳጅነት ሆኖ ቀረ። ጄኔራሎቹ ይተዋወቃሉ፤ ነጋዴዎቹ ግን አይተዋወቁም። የጋራ ጠላት ሲጠፋ የሚላላ ወዳጅነት ደግሞ አስተማማኝ አይደለም፤ በሞቃዲሾ ማዕከላዊ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ አዲስ አበባና ናይሮቢ የሚያስተሳስራቸውን ሌላ ገመድ መፈለግ ነበረባቸው።

ከዚያ በፊት ግን ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ነፃ ንግድን ከሌላ ጎረቤት ጋር ሞክራ በመራራ ሁኔታ ከሽፎባታል፤ ይህን ሳይመረምር ለነፃ ንግድ የሚከራከር ሰው ሊታመን አይገባም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በርካታ የትብብር ስምምነቶችን ተፈራረሙ። ዕቃ ያለ ቀረጥ ይዘዋወር ነበር፤ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ሆኑ፤ ብር በሁለቱም አገር መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። በወረቀት ሲታይ ከዚህ የሰፋ የሁለትዮሽ የኢኮኖሚ ትስስር በአህጉሩ ብዙ አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ ስታወጣ ግን ውሉ ያልመለሰው ጥያቄ ሁሉ ገሃድ ወጣ። የሁለቱ ገንዘቦች ምንዛሪ በምን ይተመናል? ከኢትዮጵያ የሄደ ቡና ለሦስተኛ አገር ሲሸጥ የውጭ ምንዛሪው የማን ነው? ክርክር ቢነሳ ማን ይዳኛል? ኢትዮጵያ ከጥቃቅኑ የጠረፍ ንግድ በቀር ልውውጡ በባንክ የዋስትና ሰነድ፣ በኤልሲ፣ እንዲሆን ወሰነች፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በባድመ ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱ የገንዘብ ጦርነት ብቻ ነበር ማለት ትክክል አይደለም፤ የድንበር፣ የክብርና የሥልጣን ጉዳይ ነበረበት። ንግዱ ግን ማብረጃ መሆን ሲገባው ማባባሻ ሆነ።

ለምን? ያ ስምምነት ሁለቱን መንግሥታት ይመሩ የነበሩትን ድርጅቶች የትጥቅ ትግል ወዳጅነት መሠረት ያደረገ ነበር። ሕዝቡ የውሉን ዝርዝር አያውቅም፤ ነጋዴው መብቱን በምን እንደሚያስከብር አያውቅም፤ ከመሪዎቹ ፈቃድ ውጭ የሚሠራ የጋራ ዳኝነት አልነበረም። መሪዎቹ ሲኳረፉ ውሉም አብሮ አኮረፈ። ስለዚህ የኤርትራው ልምድ የነፃ ንግድ ማስረጃም የነፃ ንግድ ማስተባበያም አይደለም፤ ሕግ የሌለው ነፃ ንግድ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ነው። ለኬንያው ጉዳይ የሚተርፈው ትምህርት ሦስት ነገር ነው፤ የቀረጥ ዝርዝሩ በይፋ ታትሞ በየኬላው ይለጠፍ፤ የክፍያውና የምንዛሪው ጉዳይ ከመጀመሪያው ይወሰን፤ ክርክር የሚዳኝበት ቋሚ አካል ይኑር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባይፈረም ይሻላል።

በዚሁ ዘመን የብዙ አገሮች መንገድም ተከፍቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ የኮሜሳ፣ መሥራች አባል ናት። ዘጠኝ አባል አገሮች፣ ኬንያን ጨምሮ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. የኮሜሳን ነፃ የንግድ ቀጣና ሲመሠርቱ ግን ኢትዮጵያ አልገባችም፤ ለአባላቱ ዕቃ ከመቶ አሥር የቀረጥ ቅናሽ ብቻ ሰጥታ ከዳር ቆመች። ምክንያቱ የጉምሩክ ገቢና የታዳጊ ፋብሪካዎች ጥበቃ ነበር፤ ከጦርነት በወጣ አገር ላይ ይህን መፍረድ ቀላል አይደለም። ውጤቱ ግን ሁለት ወዳጅ ጎረቤቶች ከሩቅ አገር ጋር ከሚነግዱበት ብዙም ባልራቀ ቀረጥ እርስ በርስ መነገዳቸው ሆነ። ቀረጡ ዕቃውን አላስቀረውም፤ ወደ ኮንትሮባንድ ገፋው እንጂ። ከብት ከቦረና በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢ ቄራዎች ይነዳል፤ ሳሙና፣ ፕላስቲክና ልብስ ይመለሳል። አብዛኛው ከመንግሥታቱ መዝገብ ውጭ ነው። የጉምሩክ ገቢ እናጣለን የሚለው ክርክር ይህን ሐቅ ቢመለከት መልካም ነበር፤ ያልተመዘገበ ንግድ የሚያስገኘው የመንግሥት ገቢ የለም፤ የሚያስገኘው ለኬላ ጠባቂ ጉቦና ለታጣቂ መተዳደሪያ ነው።

በየካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. መለስ ዜናዊ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር በላሙ ተገኝተው ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ የሚያገናኘውን የወደብና የመንገድ ፕሮጀክት ላፕሴትን አስጀመሩ። በተከታዩ ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ኬንያ ናይሮቢ ላይ የልዩ ግንኙነት ስምምነት ፈረሙ። ንግድን፣ ኢንቨስትመንትን፣ መሠረተ ልማትንና የምግብ ዋስትናን በአንድ ላይ ያቀፈ ነበር። ከመከላከያ ቃል ኪዳኑ ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ነው። የወጪና ገቢ ንግዷን ከመቶ ዘጠና በላይ በጅቡቲ ብቻ ለምታስተናግድ አገር በላሙ በኩል ሌላ በር መክፈት የነፃነት ጉዳይ ነው። በር ግን ያለ ውል አይታመንም። ዕቃህ የሚያልፍበት አገር ፋብሪካዎች፣ ባንኮችና ከብት ነጋዴዎች በገበያህ ላይ ጥቅም ካላቸው በሩን ለመዝጋት የሚያስብ መንግሥት ከገዛ ዜጎቹ ተቃውሞ ይነሳበታል። ለሁለትዮሽ ነፃ ንግድ የሚቀርበው የውጭ ፖሊሲ ክርክር አስኳሉ ይኸው ነው። አሜሪካ በ1985 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከዮርዳኖስ ጋር የነፃ ንግድ ውል ስትፈርም ከእነዚህ ትናንሽ ገበያዎች የምታገኘውን ትርፍ አስልታ አልነበረም፤ ወዳጅነቱን ለመንግሥታት መለዋወጥ የማይመች ለማድረግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ትልልቅ ናቸው። የሞያሌ መንገድ በሁለቱም በኩል አስፋልት ሆነ፤ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የሞያሌን የጋራ የድንበር ኬላ መረቁ። በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ገዝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው፤ ኢትዮጵያም በ25 ዓመት ውል 200 ሜጋ ዋት በመሸጥ ጀመረች። ዱስ ከዚህ ታሪክ ጋር እንደገና የምትገናኘው እዚህ ላይ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ኃይል አንዱ ዋና ምንጭ የኦሞ ውኃ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ፍሰት ሲያስተካክል የካራን ማሽላ ያበቅል የነበረው ዓመታዊ ሙላት ቀረ። የሁለቱ አገሮች ትልቁ የንግድ ልውውጥ በዱስ እርሻ ዋጋ የቆመ መሆኑን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። ግድቡ አይሠራ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አገር የሚያበራ ኃይል ያስፈልጋል። ነገር ግን ከዚህ ንግድ የሚገኘው ጥቅም ወንዙ ወዳለበት አገር የሚመለስበትን መንገድ ስምምነቱ ራሱ ሊያስቀምጥ ይገባል።

በተግባር የታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የተጀመረው የድንበር ተሻጋሪ የሰላምና የልማት ፕሮግራም ቦረናንና ማርሳቢትን ያነጣጠረ ነበር፤ አስፋልቱም፣ ኬላውም፣ የገበያ ዕቅዱም በሞያሌ ነው። በኦሞራቴ በኩል የሚሻገር መንገደኛ ግን የኢትዮጵያን የመውጫ ማኅተም አስመትቶ በኢለሬት በኩል ወደ ኬንያ ሲገባ የሚቀበለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ስለማያገኝ ፓስፖርቱን ናይሮቢ ድረስ ወስዶ ሲያስመታ ኖሯል። ሕጋዊ በር በሌለበት ሌላው ነገር በርክቷል። በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በኬንያ ወገን ባለችው በቶዶኛንግ፣ በኢትዮጵያ ወገን ባለው የዳሰነች ሕዝብና በኬንያ ወገን ባለው የቱርካና ሕዝብ መካከል በተነሳ ግጭት የበርካታ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሐይቁ ሰሜን በዓሣ አጥማጆች ላይ ደም ፈሷል። ስልሳ ዓመት የዘለቀ የመከላከያ ቃል ኪዳን ሁለቱን ጦሮች ከጠብ ጠብቋል፤ ዳሰነችንና ቱርካናን ግን አልጠበቀም። በመንግሥታት መካከል ያለው ሰላም እዚያ ድንበር ላይ ያልወረደው ሁለቱ ሕዝቦች በሐይቁና በሳሩ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች እንጂ በዓሣ፣ በፍየልና በእህል የሚተሳሰሩ ገበያተኞች የሚሆኑበት ሕጋዊ ሥርዓት ስላልተዘረጋ ጭምር ነው።

የቀሩት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና እያለ የሁለትዮሽ ውል ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ኢትዮጵያ አህጉራዊውን ስምምነት በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በፓርላማ አጽድቃለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከሃምሳ በላይ አገሮች የሚስማሙበት ሰነድ የኦሞራቴን ኬላ፣ የዳሰነችን ዓሣ፣ የሐመርን ፍየል የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ሊደነግግ አይችልም። አህጉራዊው ውል ጣሪያ ነው፤ ግድግዳውን ሁለት ጎረቤቶች ራሳቸው ማቆም አለባቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ኬንያ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ስላለች ብቻዋን ልትዋዋል አትችልም የሚል ነው። ነገር ግን ኬንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የፈረመችውና በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሥራ ላይ የዋለው የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት፣ በ2017 ዓ.ም.ም ከተባበሩት የአረብ ኤሚሬቶች ጋር የፈረመችው ውል የሚያሳዩት፣ ፈቃዱ ካለ መንገዱ እንደሚገኝ ነው። ከአቡዳቢ ጋር የተቻለ ከአዲስ አበባ ጋር አይቻልም ማለት አያሳምንም። የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱም ለሚያሰጋቸው ዕቃዎች የቀረጥ ቅነሳውን በዓመታት ከፋፍሎ ማዘግየት ነው። ሁሉንም መዝጋት ፋብሪካውን አያጠነክረውም፤ የኬንያ ዕቃ በሌሊት መግባቱንም አይቀንሰውም።

የሁለቱ አገሮች የጋራ ሚኒስትሮች ኮሚሽን ሲሰበሰብ የ2005ቱን ስምምነት ወደ ሙሉ የነፃ ንግድ ውል ለማሳደግ ይደራደር፤ የኤርትራው ልምድ ያስተማረንን የታተመ የቀረጥ ዝርዝር፣ የክፍያ ሥርዓትና የጋራ ዳኝነት በውሉ ውስጥ ያስገባ። የ1900ውን የግጦሽ አንቀጽም በዘመኑ ቋንቋ ይመልሰው፤ በሌላው ወገን ሳር የመጠቀም መብት የተሰጠው ሕዝብ ከብቱን፣ ዓሣውንና እህሉን በተወሰነ መጠን ያለ ቀረጥና ያለ ነጋዴ ፈቃድ ማዶ ወስዶ የመሸጥ መብት ይሰጠው። በኢለሬት የኬንያ ኬላ ይከፈት፤ በኦሞራቴ የእንስሳት ሐኪምና ባንክ ያለበት ኬላ ይቋቋም። የደቡብ ኦሞ ዞን አስተዳደርም ጥያቄውን ወላይታ ሶዶ ላለው ክልሉና አዲስ አበባ ላሉት የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጽሑፍ ያቅርብ። ድርድሩ ሲጀመር የካራ፣ የሐመር፣ የዳሰነችና የኛንጋቶም ሽማግሌዎች ለፊርማው ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ለረቂቁ ሥራ ይጠሩ።